ወንፈል ያልጠራሁበት ክረምት

ጨፋ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙና አብደላ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከቦርከና ውሃ ይብዛ፤ ያውም በበጋ ከሚጎድለው ሳይሆን በክረምት ከሚሞላው። አንቺ እንዴት ነሽ? ወንድምሽ ሸረፈዲንስ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በኦሮምኛችንም ነጋ፣ ፈያ። ከብቱ ደህና ነው፣ ቤቱ ደህና ነው፣ ማሽላውም በቅሏል።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ልጄ ሳዲያ «አባ፣ ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኳት ፊደል ሳትዛግ አብራኝ ትቀበር። መስመሩ እንደ ጊደር እርሻ ቢጣመምብሽ ቻይው። ጆሮሽ ስለማይሰማ ስልክ ለእኔና ለአንቺ አይሆንም። የሳዲያ ባል ፈይሰል ከሚሴ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ወረቀቴን በስልኩ አንስቶ ይልክልሻል። አንቺም ስትመልሺ እሱ አትሞ ያምጣልኝ። ከስልክ ላይ ማንበብ አልወድም፤ ፊደሉ ጣቴ ሲነካው ይሸሻል።

እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል።

ሳዲያ «ከሚሴ ግባ» እያለች ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል አሰናድታ፣ አልጋውንም ዘርግታ ጨርሳለች። ማሳው ለሌላ ሰው ለእኩል ይሰጥ ትላለች። እኔ ደግሞ የባጃጅ ጡሩንባ እየሰማሁ ግድግዳ ልቆጥር! ፋጡሜ ነፍሷን ይማራትና፣ ባለቤቴ የኖረችበትን ቤት ዘግቼ የትም አልሄድም።

ዘንድሮ ወንፈል አልጠራም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ከአንቺም የምፈልገው ነገር የለም። ዱአሽ ይበቃኛል።

የአባትሽ የአጎት ልጅ፣ ቃሲም ሙሀመድኑር


ጅዳ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአብዬ ቃሲም።

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን እንደ ጨፋ ሜዳ ያስፋልኝ። ሸረፈዲንም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ እጅ ይነሳሉ።

አብዬ፣ «እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል» ብለው ጻፉልኝ። እውነትዎን ነው፣ ትቶዎታል። ስኳሩ ቁስሉን አላድን ብሎ ደሴ ላይ ግራ እግርዎን ከጉልበት በታች እንደቆረጡት ሳዲያ የነገረችኝ በሚያዝያ ነው። ከእርስዎ አፍ እስክሰማው ጠበቅሁ። ደብዳቤዎ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አገላብጬ ፈለግሁት። ከብቱ አለ፣ ማሽላው አለ፣ እግሩ የለም። እኔ የጠፋብኝ ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔማ ያነባል።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስል እንደ እርስዎ ደህና አይደለም፤ የእውነት ደህና ነኝ። አባያ፣ ያ ጥቁሩ የሴቶች ቀሚስ፣ በሚሰፋበት የሴቶች ስፌት ቤት እሠራለሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ በጣቴ ነው የሚገባኝ፤ መርፌ ሊሰበር ሲል ከሁሉም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ «ያቺ የማትሰማዋ ትስማልን» ብለው ይጠሩኛል። ጁምአ ከሰዓት ደግሞ እንደ እኔ ከማይሰሙ ሴቶች ጋር እገናኛለሁ። ከሱዳን የመጣችም አለች፣ ከየመንም አለች። በእጃችን እናወራለን። ያየን ሰው የምንጣላ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ባል እያማን ነው።

እኔና ሸረፈዲን ባለ ጎማ ወንበር ልንልክልዎ አስበናል። እሺ ይበሉኝ።

ወንፈሉን ለምን እንደማይጠሩ አልጠይቅም። አትጠይቂኝ ብለዋል። እንዳልጠየቅሁ ግን ይወቁልኝ።

ልጅዎ ሙና


ጨፋ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙና።

አሰላሙ አለይኩም። ዝናቡ መልካም ነው፣ አላህ ይመስገን። ሰላምታውን በዚህ አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁና።

ጠይቀሻል። ሳትጠይቂ ጠይቀሻል። እንግዲህ ስሚ፣ ማለቴ አንብቢ።

ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። አንቺ ከአገር የወጣሽ ቆይተሻልና ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። ጎረቤቴ ሙሀዲን ከነልጆቹ አንድ ቀን ለእኔ ካረመ፣ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ለእሱ ወገቤን አጎነብሳለሁ። አባቴም አያቴም እንዲህ ኖሩ። የማልመልሰውን እጅ በምን አፌ ልጥራ? «ኑና እረሙልኝ፣ እኔ ተቀምጬ አያችኋለሁ» ልበል? ያ ወንፈል አይባልም። ያ ልመና ነው። እኔ ቃሲም በሰንበቴ ገበያ በሬ ስሸጥ እንኳ ሁለተኛ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም።

ከሐኪም ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። «አልሐምዱሊላህ በል» ይሉኛል። እላለሁ። አላህን ማመስገን ከብዶኝ አያውቅም፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን ትቶልኛል። ሰውን ማመስገን ነው ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው። ፋጡሜ «አንተ ሰው ስታመሰግን ጥርሱን የሚነቅሉት ትመስላለህ» ትለኝ ነበር።

ስለ ወንበሩ፦ አልፈልግም። የጨፋ ጥቁር አፈር በክረምት የበሬ እግር ይውጣል። ያንቺን ጎማማ እንደ በሶ ነው የሚያላምጠው። ክራንቼ እንኳ እስከ ወገቡ እየሰመጠ እንደ ተተከለ አጥር ያቆመኛል።

ከሳዲያ ጋር ቃል ተጋብተናል። ነሐሴ ሳያልቅ ማሳው ካልታረመ ከሚሴ እገባለሁ ብያታለሁ፤ ከታረመ ግን ዳግመኛ ስለ ከሚሴ አታነሳብኝም። ቃል ነው፤ አላጥፍም። አሁን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እየተንፏቀቅሁ አርማለሁ። ፊቴ ያለውን ስነቅል ከኋላዬ ይበቅላል። ማሽላው ግትር ነው፣ እኔም ግትር ነኝ፤ አረሙ ግን ከሁለታችንም ይብሳል።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሳዲያ ጻፊላትና ትተወኝ።

ቃሲም


ጅዳ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብዬ ቃሲም።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። አላህ ከክፉ ይጠብቅልኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ በየቀኑ ስልኬን አያለሁ። ለሳዲያ ጻፍኩላት። «ተያቸው» አላልኳትም፤ «እንዴት ናቸው?» አልኳት። የማሽላ ማማው ላይ ሊወጡ ሲሉ ወድቀው ክንድዎ እንደተላጠ ነገረችኝ። ማሽላው ገና ራስ እንኳ አላወጣም፣ ወፍ የለ፤ ማማ ላይ ምን ሊያደርጉ ወጡ? አይንገሩኝ። ገብቶኛል። እችል እንደሆነ ብለው ነው።

አሁን እኔ ስለ ማማ ልንገርዎ። እርስዎ ምናልባት ረስተውታል።

ያ የልጅነት ትኩሳት ጆሮዬን ይዞብኝ ከሄደ በኋላ እናቴ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ታስገባኝ ነበር። ክፋት አልነበረባትም። ሰው ሲያዝንልኝ ማየት አቅቷት ነው። አንድ ቀን እርስዎ መጡ። ጫማዎን እንኳ ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው «ይህችን ልጅ ስጡኝ፤ ወፍ ጠባቂ አጥቻለሁ» አሉ። እናቴ «አያ ቃሲም፣ አትሰማም እኮ!» አለች። የመለሱላትን ኋላ ፋጡሜ በከንፈሯ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። «ወፉ የሚመጣው ሊያዋራት ነው እንዴ?» አሏት።

ማማው ላይ አወጡኝ። ወንጭፍ አስያዙኝ። ከወዲያኛው ማማ ሆነው የእጅ ምልክት አስተማሩኝ። ጨርቅ ከፍ ካለ መንጋ እየመጣ ነው። ጨርቁ ከተዞረ «በአንቺ በኩል ነው» ማለት ነው። መዳፍ ደረት ላይ ካረፈ «አይቻለሁ፣ ደርሶኛል» ነው። በዚያ መኸር ማንም «ምስኪን» አላለኝም፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው ማን ምስኪን ይለዋል? ዛሬ በእጄ የማወራው ሁሉ የተጀመረው እዚያ ነው።

ታዲያ አብዬ፣ የዚያን ወንፈል መቼ መለስኩልዎ? እኔ ለእርስዎ አንድ ማሳ አርሜ አላውቅም። እርስዎም አልጠየቁኝም። አመሰግናለሁ ብዬዎትም አላውቅም፤ በእርስዎ ፊት ያንን ቃል ማውጣት ሁላችንም እንፈራለን፤ ይቆጣሉ። ዛሬ ግን ባሕር አለ በመሃላችን፣ አይደርሱብኝም።

አመሰግናለሁ። በኦሮምኛችንም ገለቶማ።

ይህን መቀበል ከከበደዎ፣ መስጠቱም እንዲሁ ከብዶኝ እንደኖረ ይወቁት።

ልጅዎ ሙና


ጨፋ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙና አብደላ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ቦርከና ከሞላበት እየጎደለ ነው፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ አላህ ለአንቺም እንዲሁ ያለምልምልሽ።

ደብዳቤሽን ፈይሰል ካመጣልኝ ቆይቷል። ሳነበው ሳስቀምጠው ከረምኩ። ስለ እሱ ምንም አልጽፍም። ኪሴ ውስጥ ነው፤ ይኸው ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ጉም ሜዳውን አልብሶታል። ከማሳዬ ግማሹ እንኳ አልታረመም፤ ልቤ ከሚሴ ገብታ እቃ እየደረደረች ነው። ድንገት ከማሽላው መሃል ጫፍ ጫፉ ይወዛወዛል። ነፋስ የለም። ከርከሮ! አልኩ። አረሙ አልበቃ ብሎ ከርከሮ! ወንጭፌን አነሳሁና ቁጭ እንዳልኩ አዙሬ ለቀቅሁት። «ጓ!» አለ። ሙና፣ ከርከሮ ጓ አይልም።

«ኧረ የአላህ ያለህ! አያ ቃሲም፣ ሰው ነን!» አለ ከጉሙ ውስጥ። ሙሀዲን ነው።

«ሰው ከሆናችሁ በሰው ማሳ ምን ትሠራላችሁ?»

«እናርማለን!»

«ማን ጠራችሁ?»

«ማንም አልጠራን! ስላልጠራኸን ነው እንደ ሌባ ተደብቀን የመጣነው!»

«እንግዲያው ተመለሱ!»

«እንዴት እንመለስ? ጀሪካናችንን በስተህ ውሃችንን አፈሰስከው! ሳታጠጣን ነው የምታባርረን?»

ጉሙ ሲገለጥ አየኋቸው። ሙሀዲን ከነልጆቹ፣ ሰሊማ ከነምራቷ፣ ከታችኛው መንደር ደግሞ እንድሪስና ሌሎች ሦስት አባወራዎች። ከእኔ ጋር ወንፈል የሚገቡ ሁሉ ናቸው። ቢጫው ጀሪካን ከሆዱ ተበስቶ እንደ ህጻን ይሸናል። ውሃ የጠማውን ሰው ከበር መመለስ በቤታችን የለም። ቤት ያለውን እርጎ አወጣሁላቸው። እነሱም ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ እንደገና ወደ ማሳው ገቡ። ምን ላድርግ? ሮጬ አልይዛቸው።

ማታ ሲጨርሱ ሙሀዲን ፊቴ ቆመ። «ሐኪሙ የቆረጠው እግርህን ብቻ ነው ለካ፤ ክንድህን ረስቶታል» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሰሊማማ ወገቧን ይዛ መጣችብኝ። «ሳቁን ተዉት። ይህ ሰውዬ ከርከሮ ብሎናል። ካሳችንን ይክፈል!»

«ካሳው ምንድን ነው?» አልኩ።

«ማሽላ ሲያሽት የስድስታችንን ማሳ ወፍ ትጠብቃለህ። እኛ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጠባቂ የለንም። ግሪሳ ከመጣ እኮ አለቀልን!»

ሞኝ አይደለሁም፤ አውቀው ነው ያሉት። በመንገድ ተመካክረውበታል። ግን ካሳ የተጠየቀ ሰው እምቢ አይልም። ደግሞ ውሸትም አይደለም፤ ዓምና ግሪሳ የሙሀዲንን ማሳ አራቁቶታል።

«ማማ ላይ መውጣት አልችልም» አልኩ። ሙና፣ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሰማይ አልወደቀም። ሙሀዲን ጥርሱን እየፋቀ አሰበና «ማማውን ከኩይሳው ጋር አስጠግተን እናቆመዋለን፤ ኩይሳውን ደረጃ ደረጃ እንቆርጥልሃለን፤ እየተቀመጥክ ትወጣለህ» አለ። ምስጥ ለዘመናት የገነባውን ለእኔ ደረጃ አደረጉት።

የክራንቼንም ነገር እኔው ዘየድኩ። የግራ እግር በረባሶዬ ሥራ ፈትታ በር ጥግ ተቀምጣ ነበር። ከክራንቹ ታች በሚስማር መታሁባት። የግመል ኮቴ መስሎ ሰፋ፤ አሁን ጭቃው አይውጠኝም። ጫማዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አመሰገንካቸው ወይ ትይኛለሽ። አላመሰገንኩም። «እርጎው ጎምዝዞ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሳዲያ መጥታ ማሳውን ዞራ አይታ ስለ ከሚሴ ሳታነሳ ተመለሰች። ቃል ቃል ነው። ክረምቱን አልፌያለሁ፤ ወፉ ግን ገና ነው። የሰው እህል በእጄ ካስበላሁ፣ ሳዲያ ሳትጠይቀኝ ራሴ እቃዬን አስሬ ከሚሴ እገባለሁ።

አንድ ነገር ላኪልኝ። ቀይ ጨርቅ፣ ሰፊ፣ ከሩቅ የሚታይ። አንቺ ዘንድ ጨርቅ ይበዛል።

አጎትሽ ቃሲም


ጅዳ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብዬ ቃሲም፣ ለስድስት ማሳ አዛዥ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዓይንዎን እንደ ጭላት ያድርግልኝ።

ስለ ከርከሮው ሳነብ ስፌት ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ባልደረቦቼ «ምን ሆነች?» ብለው ከበቡኝ። በእጄ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ጀሪካኑ ሲሸና ያደረግሁትን ቢያዩ!

ቀዩን ጨርቅ ወደ ከሚሴ በምትመለሰው የአገራችን ልጅ በኡሚ እጅ ልኬያለሁ። ጫፉን ሁለቴ ሰፍቼዋለሁ፤ የጨፋን የከሰዓት ነፋስ አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት ወንበር ልላክ ስል ተቆጡ፣ ጨርቅ ግን በራስዎ አፍ ጠየቁኝ። ከዚህ የበለጠ ደስታ ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ልንገርዎ። እዚህ በእጃችን ስናወራ ለምስጋና ሌላ ምልክት አለ። እኔ ግን ሳላስበው ሁልጊዜ መዳፌን ደረቴ ላይ አሳርፋለሁ፤ ያንን የማማውን። «ደርሶኛል» የሚለውን። ሱዳኗም የመኗም ከእኔ ለምደው አሁን እነሱም እንደዚያው ያደርጋሉ። የጨፋ ምልክት ጅዳ ገብቷል አብዬ፤ ማን እንዳመጣው ግን አያውቁም።

አፍዎ እምቢ ካለ አያስገድዱት። እጅዎ አለልዎ።

ልጅዎ ሙና


ጨፋ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙና አብደላ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ዘንድሮ በታጨደው ማሽላ ልክ ይሁን፤ ብዙ ነውና አይቆጠርም። ሸረፈዲንን፣ ልጆቹን፣ ያቺን ሱዳኗንና የመኗንም ሰላም በይልኝ።

ጨርቅሽ ደረሰ። ግሪሳውም ደረሰ። እንደ ደመና ሆኖ ከአፋር በኩል መጣ። ክራንቼን ማማው ላይ አጋድሜ ጨርቁን አነሳሁ፤ በየማሳው ያለው ሰው አይቶ ቆርቆሮ መታ፣ ጮኸ፤ እኔም ወንጭፌን አላሳረፍኩም። መንጋው ሲያርፍ ሲነሳ፣ ሲያርፍ ሲነሳ ሰነበተ፤ በመጨረሻ ተማሮ ወደ ወንዙ ሄደ። ጥቂት በላ፤ እሱም የአላህ ፍጥረት ነው። ማማ ላይ እግር ምን ይሠራል? ዓይን ነው፣ ክንድ ነው፣ ጉሮሮ ነው። አንድ ቀን እንደውም ሳላስበው ለካ እየዘፈንኩ ኖሯል፤ ሰሊማ ከታች «ወፉ የሸሸው ከዚህ ድምፅ ነው!» ብላ አሳቀችብኝ።

የሙሀዲን ማሳ የታጨደ ቀን የሆነውን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። ሁሉም እዚያ ናቸው። ሳዲያና ፈይሰልም ከከሚሴ መጥተው ነበር። እኔ ማማዬ ላይ ነኝ። ሙሀዲን ከሩቅ በእጁ «ና ውረድ፣ ምሳ ደርሷል» አለኝ። ቁልቁል አየኋቸው። ደረጃ የቆረጠልኝ አለ፣ ያረመልኝ አለ፣ እግሬን አልጋ ላይ ያገላበጠች ልጄ አለች። አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ልማዱ ቆመብኝ። ያልሽው ትዝ አለኝ። መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። አልመለስኩትም፤ እዚያው ያዝኩት።

ሙሀዲን ማጭዱን ጥሎ በሩጫ መጣ። ሳዲያም ከኋላው። «ምን ሆንክ? ደረትህን ነው?» ይጮሃል። «ባጃጅ ጥሩ!» ትላለች ሳዲያ።

«አላመመኝም!» አልኩ።

«ታዲያ ደረትህን ምን ያስይዝሃል?»

«ደርሶኛል ማለቴ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም» አልኩ።

ሙሀዲን ትንፋሹን እየሰበሰበ ወደ ላይ አየኝ። ከዚያ ሰሊማ ደረሰችና ነገሩ ገባት። «እሰይ! ቃሲም አመሰገነ! እህሉን ቶሎ አስገቡ፣ ዘንድሮ በረዶ ይጥላል!» ብላ እልል አለች። ሙሀዲን ግን አልሳቀም። የላበ መዳፉን በሸሚዙ ጠረገና እሱም ደረቱ ላይ አሳረፈው። እንድሪስም፣ ልጆቹም፣ ሳዲያም። ድምፅ የለም። አንቺ ብትኖሪ ከሁላችንም በላይ ትሰሚው ነበር።

ከሚሴ አልገባም፤ ሳዲያም ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። ጁምአ ጁምአ ግን እየሄድኩ ከእነሱ ጋር እውላለሁ ብያታለሁ። እና ያ ባለ ጎማ ወንበር ያልሽው… ለጭቃ አይሆንም አልኩ እንጂ ለከሚሴ አስፋልት አይሆንም አላልኩም። ከሳዲያ ቤት እስከ መስጊዱ መንገዱ ደልዳላ ነው። ላኪልኝ አላልኩም። ከላክሽው ግን አልመልሰውም።

ለሚመጣው ክረምት ወንፈል እጠራለሁ፤ ለሙሀዲን ከአሁኑ ነግሬዋለሁ። አንቺም ፈቃድ ካገኘሽ ማሽላው ሲያሽት ነይ። ከወዲያኛው በኩል ያለው ማማ ሰው የለበትም።

ፈይሰል ፎቶ አንስቶኛል፤ ከዚህ ጋር ይልክልሻል። ቀዩ ጨርቅሽ ከላዬ አለ። ክራንቼ ከነበረባሶዋ ከጎኔ አለች። ያ ኪሴ የከረመው ደብዳቤሽ ጭኔ ላይ ነው። ወደ ካሜራው የማየው አንቺን እያሰብኩ ነውና እጄ ያለበትን ቦታ አስተውለሽ እይው።

አላመመኝም።

ቃሲም ሙሀመድኑር፣ የጨፋ ወፍ ጠባቂ